የስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ

ወንድሜ በምን ሞተ ስባል "ከዛፍ ወድቆ" ብዬ እመልሳለሁ። ጠያቂው ከንፈሩን መጥጦ፣ "ነፍስ ይማር" ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል። ለሁሉም ሰው ማብራራት ስለሚታክተኝ እኔም ዝም እላለሁ። እውነቱ ግን ረዘም ይላል። ዛፉ ጀመረው እንጂ አልጨረሰውም፤ የጨረሰው ሺሺንዳ መኪና ማቆሚያው አጠገብ የቆመ የጉዞ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳ ሰው ይገድላል ወይ ብላችሁ ብትስቁ አልፈርድባችሁም። ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ጊዜው ቢፒአር የሚሉት ነገር በየመሥሪያ ቤቱ የገነነበት ዘመን ነው። የማታስታውሱት ካላችሁ፣ ሥራ በአዲስ መልክ ይሠራል ተብሎ በየቢሮው በር ላይ ሰንጠረዥ የተሰቀለበት፣ ሠራተኛው ከሥራው ይልቅ ስለ ሥራው በሚጻፈው ነገር የተጠመደበት ጊዜ ነበር። እኔ ያኔ ቢታ ገነት ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። ገና ወጣት ነኝ፤ ምላሴ ስለታም፣ ቁጣዬ ቅርብ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ "ሚጥሚጣ" እንደሚሉኝ አውቅ ነበር፤ ስሙ ስላልከፋኝ አልቀጣኋቸውም።

ደምሴ ታላቅ ወንድሜ ብቻ አልነበረም። አባታችን በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው። ቀፎ ሰቅሎ፣ ማር ቆርጦ፣ የጫካ ቡና ለቅሞ አስተማረኝ። ራሱ ፊደል አልቆጠረም። ግን እኔ ማንበቤን የሚወደው በጣም ነበር፤ እረፍት ላይ እሱ ዘንድ ስሄድ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር ሰው ፊት አምጥቶ፣ "ብርቄ፣ እስቲ ይህን አንብቢልን" ይለኛል። የሳሙና መጠቅለያ ሳነብ ጎረቤቱን በኩራት የሚያይበት ዓይን እስካሁን አይረሳኝም።

ቤቱ ከሺሺንዳ በእግር ብዙ የሚያስኬድ ጫካ ውስጥ ነው። የዚያን ጊዜ የግማሽ ዓመት እረፍት ላይ ስለነበርኩ እነሱ ቤት ነበርኩ። ጠዋት ከሚስቱ ከአስካለ ጋር የቡና ማድረቂያ አልጋውን ስንገልጥ፣ ከጫካው በኩል ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን። ቅርንጫፍ በጫካ ውስጥ ሁልጊዜ ይሰበራል። ቀጥሎ የሰማነው ድምፅ ግን የቅርንጫፍ አልነበረም።

ስንደርስ ዛፉ ሥር በጎኑ ተኝቷል። ሊሰቅለው የነበረው ቀፎ አጠገቡ ተሰባብሯል። ራሱን አልሳተም። እንዲያውም እኔን ሲያይ፣ "አትጩኺ፤ ንብ የለበትም" አለኝ። ግራ ጎኑንና ዳሌውን መትቶታል። እግሩን ማንቀሳቀስ አልቻለም። ደም ግን አይታይም፤ ደም ባለመታየቱም እግዚአብሔርን አመሰገንን። ከውስጥ የሚፈስ ደም እንዳለ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን አልነበረም።

በእኛ አገር እሪ ካላችሁ ማንንም መጥራት አያስፈልጋችሁም። ወንዱ ያለበትን ሥራ ጥሎ ይመጣል፤ ማን ይሸከም፣ ማን ይቀበል የሚባል ነገር የለም። አንዱ እንጨት ቆረጠ፣ ሌላው ገመድ አመጣ፤ ቃሬዛው ቶሎ ተሠራ። አራት አራት እየሆኑ ትከሻ እየለዋወጡ ሺሺንዳ ድረስ አመጡት። ቁልቁለት ላይ ቃሬዛው ሲናጥ ጥርሱን ይነክሳል። ሜዳ ላይ ሲደርሱ ይቀልዳል። "ወይ ደምሴ፣ እንደ ሹም በትከሻ ተሄደልህ" ሲል ሰዎቹ እየሳቁ ይሸከሙታል። እኔና አስካለ ከኋላ ነን። አስካለ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትሄዳለች።

ሺሺንዳ የደረስነው እኩለ ቀን ሊሆን ሲቃረብ ነው። አምቡላንስ ያኔ በየወረዳው አልነበረም። ሐሳባችን መኪና አግኝተን ቦንጋ ሆስፒታል ማድረስ ነበር። መኪና ማቆሚያው ጭር ብሏል። ተራ አስከባሪው የሚቀመጥበት ድንጋይ ባዶ ነው። እዚያ ሻይና ዳቦ የምትሸጥ ዘነበች የምትባል ሴት አለች፤ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት።

"እትዬ፣ የቦንጋ መኪና የለም?"

"የጠዋቱ ሄዷል፣ ልጄ። ተራ አስከባሪውም ቤቱ ገብቷል።" ከዚያ ቃሬዛውን አየችና ጭልፋዋን አስቀመጠች። "ውይ በሞትኩት! ምን ሆኖ ነው?"

"ከዛፍ ወድቆ ነው። ከሰዓት በኋላስ መኪና አይኖርም?"

"ድሮ አልነበረም። አሁን ግን ያውልሽ" አለችና በአገጯ አመለከተችኝ። "ባለፈው ሳምንት ተተከለ። ትልልቅ ሰዎች መጥተው መርቀውት፣ አጨብጭበናል። እኔ እኩለ ቀን ላይ ስለምገባ አውቶቡሱን ገና አላየሁትም። አንቺ የተማርሽ ትመስያለሽ፣ እስቲ አንብቢው።"

ሰሌዳው በሁለት የብረት ምሰሶ ላይ ቆሟል፤ ከኔ ቁመት እጥፍ ይሆናል። ቀለሙ ገና ያብረቀርቃል። ከላይ በትልልቁ፣ ከመንገዱ ማዶ በሚነበብ ፊደል፣ "ተደራሽ፣ ፈጣንና ፍትሐዊ የትራንስፖርት አገልግሎት ለሁሉም" ይላል። ከሥሩ ራእይ አለ፤ ከራእዩ ሥር ተልእኮ፣ ከተልእኮው ሥር እሴቶች። ከዚያ በኋላ ነው ሰንጠረዡ የሚመጣው። ተራ ቁጥር፣ የአገልግሎት ዓይነት፣ መስመር፣ የተሽከርካሪ ደረጃ፣ ፈጻሚ አካል፣ ስታንዳርድ በጊዜ፣ ስታንዳርድ በጥራት። ፊደሉ ምስር ያክላል። አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ሆኖም ሺሺንዳ የሚለውን መስመር ለማግኘት ጣቴን ሰሌዳው ላይ እያስኬድኩ ብዙ ደክሜያለሁ። በመጨረሻ አገኘሁት። ሺሺንዳ–ቦንጋ፤ ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓትና በአሥር ሰዓት። አውቶቡስ።

"አለ!" ብዬ ጮህኩ። "ጋሼ፣ በስምንት ሰዓት አውቶቡስ አለ!"

ሰዎቹ ሁሉ እፎይ አሉ። ደምሴ ቃሬዛው ላይ ሆኖ ዘነበችን፣ "እኅቴ ናት" አላት። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ እንኳ ሊኮራብኝ ፈለገ።

ብዙም ሳይቆይ ከሚዛን በኩል ቡና የጫነ አይሱዙ መጣ። እጃችንን ስንዘረጋ ሾፌሩ አቆመና ወረደ። ወፈር ያለ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ያደረገ ሰው ነው።

"ጋቢና ሙሉ ነው" አለ። "ከላይ ኬሻው ላይ ካስተኛችሁት ግን አደርሰዋለሁ። ቀስ ብዬ እነዳለሁ። መንገዱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የሠራሁት እኔ አይደለሁም።"

የቡናው ኬሻ ከመኪናው ጎን በላይ ተቆልሏል። አራቱ ሰዎች ቃሬዛውን ከትከሻቸው በላይ አነሡ፤ ሁለት ሰዎች ከላይ ሆነው ሊቀበሉ አጎነበሱ። ቃሬዛው ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ደምሴ ጮኸ። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬው የኖርኩ ወንድሜ ሲጮኽ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "አውርዱኝ! ስለ ማርያም አውርዱኝ!" አለ። አወረዱት። ፊቱ አመድ መስሏል።

ትንፋሹ እስኪመለስ ጠብቆ፣ "ብርቄ፣ ሰሌዳው አውቶቡስ አለ አላልሽም?" አለኝ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ።

"አለ ጋሼ። በስምንት ሰዓት ይላል።"

"አውቶቡስ ወለሉ ሰፊ ነው፤ ያስተኙኛል። እዚያ ላይ ከወጣሁ እሞታለሁ። እንጠብቅ።"

ሾፌሩ የሚባለው ስላልገባው ተረጎምኩለት። ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየ። "እኔ በዚህ መንገድ ስመላለስ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ አጋጥሞኝ አያውቅም" አለ።

"አዲስ ነው" አለች ዘነበች። "ገና ባለፈው ሳምንት ነው የተመረቀው።"

"እንግዲያ መንግሥት አለ ካለ አለ ነዋ" ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። ገብቶ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ እንደገና በመስኮት ብቅ አለ። "እኅቴ፣ እርግጠኛ ናችሁ?" አለኝ። አስካለ እኔን አየችኝ። እኔ ሰሌዳውን አየሁ። "እንጠብቃለን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን" አልኩት። አይሱዙው አቧራውን አስነሥቶ ወደ ቦንጋ ሄደ።

ይህን የምጽፈው ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ልናዘዝ አይደለም። ያየሁትን አነበብኩ፤ የተጻፈውን ነገርኩት። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ቃሬዛውን ከዘነበች ሸራ ሥር ጥላ ላይ አደረግነው። ተሸካሚዎቹ እንስሳታቸውን ያለ ጠባቂ ስለተዉ ከሁለት ሰዎች በቀር ተሰናብተው ተመለሱ። ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ሌሎች መንገደኞችም መጡ። ቆጮ በቅጠል ጠቅልላ የያዘች እናት፣ ሁለት ዶሮ ያንጠለጠለ ሽማግሌ፣ ሸሚዙን የተኮሰ ወጣት። ሁሉም ስለ አዲሱ አውቶቡስ ሰምተው ነው የመጡት። አንዳቸውም በዓይናቸው አላዩትም። ግን እኛ እነሱን አይተን ልባችን በረታ፤ እነሱም እኛን አይተው። ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ይሳሳታል እያልን እርስ በርስ ስንተማመን ዋልን።

ደምሴ ውኃ ደጋግሞ ጠየቀ። ዘነበች በጣሳ እየቀዳች ትሰጠዋለች። ግንባሩ በላብ ይርሳል፤ እጁ ግን ቀዝቃዛ ነው።

"ሰሌዳውን አንብቢልኝ" አለኝ።

"ምኑን ላንብብልህ?"

"ከላይ ጀምረሽ ሁሉንም።"

አነበብኩለት። "ተደራሽ፣ ፈጣንና ፍትሐዊ" የሚለውን ወደ ካፊኖኖ ለመመለስ ተቸገርኩ። "ሁሉም ጋ የሚደርስ፣ የማይዘገይ፣ ለሰው የማያዳላ" አልኩት። "ከዚህ ቀጥሎ ራእይ አለ።"

"ሰሌዳው ራእይ አለው?"

"አለው። ተልእኮም አለው።"

ሊስቅ ሞከረና ጎኑን ያዘ። "ጎበዝ ሰሌዳ ነው። እኔ ያለኝ ቀፎ ብቻ" አለ። አጠገባችን የተቀመጡት ሳቁ። አስካለ ግን አልሳቀችም። እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገብታ ሆዱን ስትነካ አየኋት።

ቀስ ብላ፣ "ብርቄ፣ ሆዱ ጠጥሯል" አለችኝ። እኔም ነካሁት። ጣውላ ይመስላል። ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም። መጥፎ እንደሆነ ግን ገባኝ።

ስምንት ሰዓት አለፈ። ማንም አልደነገጠም፤ በአገራችን በሰዓቱ የሚመጣ አውቶቡስ ማን አይቶ ያውቃል? ሸሚዙን የተኮሰው ወጣት፣ "ጎማ ፈንድቶበት ይሆናል" አለ። ሽማግሌው፣ "መንገድ ላይ፣ ውሽውሽ ጋ ሰው እየጫነ ይሆናል" አሉ። እያንዳንዳችን ለሌለው አውቶቡስ ምክንያት እየፈለግን ሰጠነው። የነገሩ ክፋት ይሄ ነበር። የሚዘገይ መኪናና የሌለ መኪና ሲጠበቁ አንድ ናቸው። ልዩነታቸውን የሚነግራችሁ ሰሌዳው ብቻ ነው፤ የእኛ ሰሌዳ ደግሞ አውቶቡስ አለ ብሎናል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትዕግሥቴ አልቆ መንገዱ መሐል ወጥቼ ቆምኩ። ያለፈው አንድ ሞተር ብስክሌት ነው፤ እሱም ወደ ሚዛን። ሮጬ ከተማው ውስጥ መኪና አላቸው የተባሉ ሁለት ነጋዴዎች ቤት ሄድኩ። የአንዱ መኪና ጅማ ሄዷል፤ የሌላው ተበላሽቶ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ስመለስ ደምሴ ንግግሩ ተቀይሯል። ቃላቱን እየጎተተ ነው የሚያወጣቸው።

"አልመጣም?"

"እየመጣ ነው ጋሼ።"

"ካልመጣም የአሥር ሰዓቱ አለ" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። የምታነብለት እኅቱ እንዳታፍር ፈራ መሰለኝ።

አሥር ሰዓትም አለፈ። ቆጮ የያዘችው እናት ቅጠሏን አንሥታ፣ "እኔ ልመለስ። ፈጣሪ ይማረው" ብላ ሄደች። ከእሷ በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተበተኑ። ሰሌዳውን ፀሐይ ከፊት ለፊት መታችውና ሁሉም ፊደል አብረቀረቀ። ድንጋይ አንሥቼ ልወረውርበት እጄ ተነሣ፤ ዘነበች ያዘችኝ። "ተዪ ልጄ፣ ያስሩሻል" አለችኝ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ እርሻ ያለው ሰው በፒካፕ ወደ ቦንጋ ሲመለስ አገኘን። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ጥያቄ ሳያበዛ ኋላውን ከፈተልን። አስካለ ከታች ተቀምጣ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስተኛችው። እኔ ጎኑን ደግፌ ያዝኩ። አሁን ቃሬዛው ሲነሣ አልጮኸም።

ውሽውሽ ከመድረሳችን በፊት ዓይኑን ገለጠ።

"አውቶቡሱ ነው?" አለ።

አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። ነፋሱ ፊታችንን ይመታል፤ ከላያችን ሰማይ እንጂ ጣሪያ የለም።

"አዎ ጋሼ፣ አውቶቡሱ ነው" አልኩት።

"ጥሩ ነው" አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ውሽውሽን አልፈን ትንሽ እንደሄድን አስካለ፣ "ደምሴ?" ስትል ሰማሁ። ሦስቴ ጠራችው። ከዚያ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታችና ፊቱን ሸፈነችው።

ሆስፒታል ሐኪሙ አይቶት ራሱን ነቀነቀ። ወጣት ሐኪም ነው። ከውስጥ ደም ሲፈሰው እንደዋለ ነገረን። "ከሰዓት በኋላ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ ቢያንስ እንሞክር ነበር" አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። እኔ ግን ያን ጊዜ በዓይኔ የታየኝ አይሱዙው ነው። ቀስ ብሎ እየነዳ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ቦንጋ ገብቶ ቡናውን ሲያራግፍ።

ለቅሶው ላይ የሺሺንዳው ተራ አስከባሪም መጣ። አጠገቤ ተቀምጦ፣ "መምህርት፣ እኔ ብኖር ኖሮ እነግራችሁ ነበር ማለት እፈልጋለሁ" አለ። "ግን ውሸት ነው። እኔም ሰሌዳውን አንብበውልኝ አምኛለሁ። ለከሰዓቱ ሌላ ተራ አስከባሪ ቀጥረው እኔን የተዉኝ መስሎኝ፣ ከፍቶኝ ቤቴ ተኝቻለሁ።"

ሰልስቱ እንዳለፈ ተነሥቼ ሰሌዳውን ወደ ሠራው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ስሙም ሰዎቹም ተቀይረዋል። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነበር። ጥቁር መልበሴን አይቶ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

"ነፍስ ይማር። በጣም ያሳዝናል" አለ። "ግን እኅቴ፣ ሰሌዳው ላይ ስህተት የለም።"

"እንዴት የለም? አውቶቡሱ የት አለ?"

"በዕቅድ ተይዟል።"

"የት ነው ያለው ነው የምልህ።"

"እኔም በዕቅድ ተይዟል እያልኩሽ ነው። ሰሌዳው የተሠራው ከጸደቀው ዕቅድ ላይ ነው። የከሰዓቱ ሁለት ምልልስ ዕቅዱ ውስጥ አለ። ባለንብረቶች ተሽከርካሪ ሲያቀርቡ ይጀመራል።"

"ታዲያ ከመጀመሩ በፊት ለምን ተጻፈ?"

ትዕግሥቱን ሰብሰብ አድርጎ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው አስረዳኝ። ሰሌዳ መትከል ራሱን የቻለ ተግባር ነው። አውቶቡስ ማስጀመር ሌላ ተግባር ነው። የመጀመሪያው በሩብ ዓመቱ መቶ በመቶ ተከናውኗል፤ ሁለተኛው በሂደት ላይ ነው። "ሰሌዳውማ ተሞግሷል" አለኝ። "ከሌላ ዞን ተሞክሮ ሊቀስሙ መጥተው ፎቶ አንሥተውታል።"

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል በልጅነቴ የምስቅበት ተረት ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያን ተረት ፊት ለፊቴ ከረባት አድርጎ ተቀምጦ አየሁት። ልጮህበት ሄጄ ነበር፤ ተውኩት። ሰውዬው ወንድሜን አልጠላውም። አያውቀውም። ሰሌዳውን ሲሠሩ አንድም ሰው በሐሳባቸው አልመጣም፤ የታሰቡት ጎብኚና ገምጋሚ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጎብኚው የሚያነበው ነገር ግንብ በሚያክል ፊደል ተጻፈ፤ መንገደኛው የሚፈልገው ነገር ምስር አክሎ ከታች ተወሸቀ፤ እሱም እውነት አልነበረም።

"እንግዲያው እኔ ልሥራላችሁ" አልኩት።

"ምኑን?"

"ሰሌዳውን። ክፍያ አልፈልግም። ግን የምጽፈው ያለውን ብቻ ነው።"

የእኔ ሰሌዳ ከዚያ ቢሮ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ኮምፔንሳቶ ላይ በቀለም ራሴ ጻፍኩት። ራእይ የለም፣ ተልእኮ የለም፣ ተራ ቁጥር የለም። ለአንድ መኪና አንድ መስመር፤ የሚሄድበት ቦታና የሚነሣበት ሰዓት፤ በቃ። ማንበብ ለማይችል ሰው ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ፀሐይዋ በዚያ ሰዓት የምትሆንበትን ቦታ ሣልኩ። በጣም የተከራከርነው ከሥር በጻፍኩት ላይ ነው። ኃላፊው ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ።

"'የለም' የሚል ነገር ሰሌዳ ላይ አይጻፍም" አለኝ። "ገጽታ ያበላሻል። ያለንን እንጂ የሌለንን ለምን እንጽፋለን?"

"መንገደኛ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው የሌለውን ነው" አልኩት። "ያለውንማ ቢጠብቅ ያገኘዋል።"

አልተስማማም። በየሳምንቱ እየሄድኩ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ከደግነትም ይሁን ከመሰልቸት፣ "አድርጊ እንደፈለግሽ" አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው፤ አውቃለሁ። የእኔ ጅብ ሄዷል። ለሌላ ሰው ግን ገና አልመጣ ይሆናል ብዬ ጮህኩ።

ከሺሺንዳ ቀጥሎ ለቢታ ገነት፣ ከዚያም ለሌሎች ትንንሽ ከተሞች ሠራሁ። አሁን ማስተማሩን ትቼ ሥራዬ ይኸው ሆኗል። ሰዎች ቀላል ሥራ ይመስላቸዋል። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ቢሮ ውስጥ ተቀምጣችሁ ለሕዝብ የሚሰቀል ነገር የምትጽፉ ትኖራላችሁ። ከጻፋችሁት ፊት አንድ ቀን ቃሬዛ ይቆማል። ቃሬዛው ላይ ያለው ሰው የጻፋችሁትን ያምናል፤ እናንተን ሳያውቅ፣ ስማችሁን ሳይጠይቅ፣ የተጻፈ ስለሆነ ብቻ ያምናል። ስትጽፉ እሱን አስቡት። ሌላ ምክር የለኝም።

የሺሺንዳው ሰሌዳ በድሮው ምትክ በተተከለ ሰሞን አስካለ ለገበያ መጣች። ወስጄ አሳየኋት። ፀሐዮቹን በጣቷ እየነካካች አየቻቸው። ከዚያ ከሥር በቀይ ቀለም፣ ከሁሉ በሚበልጥ ፊደል የተጻፈው ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄስ ምን ይላል?"

"'ከእኩለ ቀን በኋላ መኪና የለም። አትጠብቁ' ይላል።"

"ሌላስ?"

"ይኸው ነው።"

ዘነበች ሻይ ይዛ መጥታ ነበር፤ ንግግራችንን ስትሰማ ወደ ኋላ ተመለሰች።

"ይህን ለመጻፍ ምን ያህል ፈጀብሽ?" አለችኝ አስካለ።

"መጻፉ ግማሽ ቀን።"

"ግማሽ ቀን። እዚህ የጠበቅነውን ያህል" አለች፤ ከዚያም ቃሬዛው አርፎበት የነበረው መሬት ላይ ቁጭ አለች።